የድሃ ሰው ውሻ በማን ይታከማል?

ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ቢሮዎች መጡ፤ ሠራተኛ መጣ፤ የቤት ኪራይ ናረ፤ ከተማዋም ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደ ዙሪያዋ የእርሻ መሬት ገፋች። ስለዚህ ሁሉ ብዙ ተነግሯል። ከሰዉ ጋር አብረው ስለበዙት እንስሳት ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ግቢ በታጠረ ቁጥር በሩ ላይ ውሻ ይታሰራል። ሥጋ ቤት በተከፈተ ቁጥር ጓሮው ውስጥ አጥንት የሚጠብቁ ውሾች ይሰበሰባሉ። አሸዋውንና የገበያውን እህል የሚያመላልሱት አህዮችና የጋሪ ፈረሶች በአስፋልቱ ዳር ከባጃጅ ጋር ይጋፋሉ።

እነዚህ እንስሳት የሀብታም ጌጥ አይደሉም። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው የቀን ሠራተኞች፣ ጋሪ ነጂዎች፣ የጉሊት ነጋዴዎች፣ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ገበሬዎች ናቸው። ውሻው ሲታመም፣ የአህያው ጀርባ ሲቆስል፣ እነዚህ ሰዎች በአቅማቸው የሚያገኙት እርዳታ የት ነው? እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው፦ ይህ እርዳታ በወላይታ እውን የሚሆነው፣ ውሻን ማስከተብ የባለቤቱ የግል ወጪ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ የጋራ ኃላፊነት ሲሆን ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ደግሞ ሶዶ ውስጥ አለ።

ያለውን እንቁጠር። ወላይታ በእንስሳት ጤና ጉዳይ ጀማሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው ‘ዋዱ’ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት መቀመጫው ሶዶ ነበር። ዛሬም በከተማዋ የአካባቢው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ወጣት ሐኪሞችንም ያስመርቃል። ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ ውጭ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የያዙ የአገራችን ከተሞች ጥቂት ናቸው።

ይህ ሁሉ የተተለመው ግን በዋናነት ለከብት ነው። ምክንያቱም ለማንም ወላይታ ግልጽ ነው። ላም የሌለው ቤት ፍግ የለውም፤ ፍግ የሌለው ጓሮ እንሰቱ ይመነምናል፤ እንሰት የመነመነበት ቤት ደግሞ በቆሎው በከሸፈ ዓመት የሚይዘው የለም። ስለዚህ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባና አፍተግር ሲነሡ መንግሥት ክትባት ይዞ ይወጣል። በሁምቦና በኪንዶ ኮይሻ ቆላ ገንዲ ከብቱን ሲፈጅ የቆላ ዝንብን ለማጥፋት ትልቅ ፕሮጀክት ተነድፏል። ትክክልም ነው። ውሻ ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በየዓመቱ ሲያደርገው የኖረው የእርሻ ናሙና ጥናት ከብቱን፣ በጉን፣ ፍየሉን፣ ፈረሱን፣ አህያውን፣ በቅሎውን፣ ግመሉን፣ ዶሮውን፣ የንቡን ቀፎ ሳይቀር ይቆጥራል። ውሻን አይቆጥርም። ላልተቆጠረ እንስሳ በጀት አይያዝም፤ ክትባት የሚጠይቅለት ባለሙያም ቁጥር ጠቅሶ መከራከር አይችልም።

ሕዝቡ በራሱ ያበጀው የመረዳጃ ሥርዓትም እንዲሁ ከብት ላይ ያተኮረ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። ወላይታ ውስጥ ላም መግዛት ያቃተው ቤተሰብ ላም አልባ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርጉ የቆዩ ውሎች አሉ። ‘ሃራ’ በሚባለው ውል ላም ያለው ሰው ለሌለው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያበላል፣ ይጠብቃል፣ በለውጡ ወተቱንና ፍጉን ያገኛል። ‘ኮታ’ በሚባለው ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድን እንስሳ በጋራ ይይዛሉ፤ አንዱ ገንዘብ ሌላው ጉልበትና ግጦሽ ያዋጣል። ‘ኡሎ ኮታ’ የሚወለደውን ጥጃ የመካፈል ውል ነው። በዘመን መለወጫው በጊፋታ ሰሞን የሚታረደው በሬም የአንድ ቀን ገንዘብ አይደለም፤ ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያጠራቀሙ የሚገዙት ነው፤ ሴቶቹም ለቅቤው ለብቻቸው ይቆጥባሉ። አንድ ሕዝብ የእንስሳን ወጪ፣ ጥቅምና አደጋ እንዴት መከፋፈል እንዳለበት ከዚህ በላይ ምን ሊያውቅ ይችላል?

ውሻን ግን ማንም በኮታ አይዝም። ወተት የለው፣ ጥጃ የለው። የሚሰጠው ጥቅም ለመካፈል የማይመች ነው፦ ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ እንዳይጠጋ ይጮኻል፣ ጃርትና ከርከሮ ከእንሰቱና ከስኳር ድንቹ ያባርራል። ብዙዎቹ ውሾች ጎዳና ላይ ስለምናያቸው ባለቤት የሌላቸው ይመስሉናል። አብዛኞቹ ግን ቤት አላቸው፤ ማታ የሚመለሱበት ደጅ አላቸው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ለዚህ ጽሑፍ መሠረት ነው፤ ባለቤት ያለውን ውሻ በባለቤቱ በኩል ማግኘት ይቻላልና።

አሁን ውሻው ወደሚከተብበት በሽታ እንምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በወረርሽኝ መልክ መታየቱ ተመዝግቧል። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በኢትዮጵያ የሚሞቱት ወደ 2,700 እንደሚጠጉ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት ያሳያል። ሰውን ከሚይዘው 99 በመቶ ያህሉን የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። ከሚሞቱት 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ከብት የሚጠብቁት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ ከትምህርት ቤት በእግራቸው የሚመለሱት። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በወቅቱ የተሰጠ ክትባት ደግሞ ሞቱን ያስቀረዋል። ከዚህ በላይ ልብ የሚያደማ በሽታ አላውቅም፤ ሙሉ በሙሉ መከላከል እየተቻለ የሚገድል ነውና።

ለምን ይገድላል? አንዱ ምክንያት ርቀትና ገንዘብ ነው። ለረጅም ዘመን በአገራችን ለተነከሰ ሰው ይሰጥ የነበረው ክትባት በበግ አንጎል ላይ የሚዘጋጅ ነበር፤ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት መወጋት የሚጠይቅ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ40 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እንዲቀር የመከረበት። አዲስ አበቤው ‘ፓስተር’ እያለ የሚጠራው ተቋም ደጅ ላይ ከክፍለ ሀገር መጥተው ዘመድ ቤት እያደሩ የሚመላለሱ ቤተሰቦች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። አዲሱ ክትባት የተሻለ ነው፤ የሚወጋውም በጥቂት ቀናት ነው። ግን ይወደዳል፤ በየጤና ጣቢያውም ሁልጊዜ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት መጓጓዣውና የቀረው የሥራ ቀን ተጨምሮ ለአንድ የተነከሰ ሰው የሚወጣውን ወጪ በአማካይ 108 የአሜሪካ ዶላር ያደርሰዋል። ከኪንዶ ዲዳዬ ወይም ከኦፋ ልጁን ይዞ ወደ ሶዶ ለሚመጣ ገበሬ ይህ እጅግ የሚከብድ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው መጀመሪያ ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል። እዚያ የሚባክኑት ቀናት ናቸው ልጁን የሚገድሉት።

በሌላ ወገን የአንድ ውሻ ክትባት በጅምላ ሲገዛ ዋጋው ከአንድ ዶላር ብዙም አይርቅም። ንጽጽሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ የተነከሰ ልጅ ለማትረፍ በሚወጣው ገንዘብ ክትባት፣ መርፌና የባለሙያ አበል ተደምሮ እንኳ የአንድ ሰፈር ውሾችን መከተብ ይቻላል። ከውሾቹ 70 በመቶው በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው በውሾች መካከል መተላለፉን ያቆማል። ቀሪው 30 በመቶ ሳይከተብ እንኳ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በዓመቱ መደገሙ ግን ግዴታ ነው፤ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፣ ቡችላ ቶሎ ይተካል፣ የዘንድሮው 70 በመቶ በቸልታ ካለፈ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሟሽሻል።

ይህን እያወቅን ለምን ለባለቤቱ እንተወዋለን? አንድ ባለቤት ውሻውን ቢያስከትብ ጥቅሙ ከሞላ ጎደል ለሰፈሩ ልጆች ነው፤ ወጪው ግን የእሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በድሃ ግለሰብ ኪስ ብቻ ተሸፍኖ 70 በመቶ መድረሱ ያጠራጥራል። ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው የእንስሳት መድኃኒትም ዋጋው አብሮ ናረ። ለውሻው ትል መድኃኒት፣ ለአህያው ቁስል ቅባት ከግል የእንስሳት ፋርማሲ የሚገዛ የቀን ሠራተኛ ከልጆቹ ደብተርና ከውሻው መድኃኒት መምረጥ አለበት። ማንን እንደሚመርጥ እናውቃለን፤ ማንም አይወቅሰውም።

እዚህ ላይ በቅንነት የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ሰው ራሱ ሳይታከም ስለ ውሻ ሕክምና ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ችግሩን በቅርብ ያዩ ናቸው። መልሱ ግን ከላይ ባየነው ሒሳብ ውስጥ አለ። የውሻ ክትባት የልጅ መድኃኒት ነው፤ የሚወጋው ውሻው ስለሆነ ብቻ ስሙ ተለወጠ። የአህያ ሕክምናም እንደዚሁ ነው። ጀርባው የቆሰለ አህያ ለሁለት ሳምንት ካረፈ የዚያ ቤት ገቢ ለሁለት ሳምንት ይቆማል፤ ካላረፈ ደግሞ ቁስሉ ተመርዞ አህያው ጨርሶ ይጠፋል። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት፤ እነዚህ እንስሳት የድሃው የጭነት መኪና ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ተቃውሞ ያስዘጋው፣ የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ጉባኤ የአህያ ቆዳ ንግድን ያገደው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእርድ ያተረፍናቸውን አህዮች ከቁስል የማዳኑ ሥራ ግን አሁንም ለጥቂት ድርጅቶች የተተወ ነው። ዘ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ በቢሾፍቱ፣ ብሩክ የተባለው ድርጅት ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡቡ ክፍል በዚህ ረገድ የሠሩት ሥራ የሚያስመሰግናቸው ነው።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ መግደል ነው። የውሾች ቁጥር በዝቷል ሲባል በከተሞቻችን መርዝ ሲበተን ኖሯል። ጭካኔውን እንተወውና ውጤቱን ብቻ እንየው፦ የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ የቆሻሻው ክምር እስካለ ድረስ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ከገጠር ይመጣል፣ የተረፉትም ይዋለዳሉ። መርዙ ደግሞ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ ትናንት የከተብነውን ውሻ ዛሬ ገድለን 70 በመቶውን ራሳችን እናፈርሳለን። ይህ ለሕዝብ ጤና የማይረዳ፣ ገንዘብ የሚያባክን አሠራር ስለሆነ መቅረት አለበት።

ታዲያ በትንሽ ገንዘብ ብዙ እንስሳ ጋ መድረስ ይቻላል ወይ? አዎ፤ ማስረጃውም እዚሁ አገር አለ። የደስታ በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱን ፈጅቶ ‘ክፉ ቀን’ የተባለውን ረሃብ ያመጣ በሽታ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም አፋር ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ የመንግሥት የክትባት ቡድኖች በመኪና የማይደርሱበት፣ ማቀዝቀዣ የማይገባበት ቦታ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሙቀት የሚችል ክትባት የያዙ 20 የአፋር ተወላጅ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ተሰማርተው 73 ሺህ ከብት ከተቡ። ፊደል ያልቆጠሩ ቢኖሩባቸውም ከብቱንም ባለቤቱንም በስም ያውቁ ነበር። በሽታው ከአፋር ጠፋ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከደስታ ነፃ ተባለች፤ በ2011 ደግሞ ዓለም በሙሉ። ያን ሥራ የሠራው ውድ መሣሪያ ሳይሆን በአካባቢው የታመነ ሰው ነው።

በውሻም ተሞክሯል። በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮውን ዘር ከእብድ ውሻ በሽታ ለመታደግ የጥበቃ ፕሮግራሙ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገበሬውን ውሾች በየመንደሩ ሲከትብ ቆይቷል። በማላዊዋ ብላንታየር ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 በ20 ቀናት ውስጥ 35 ሺህ ያህል ውሾች ተከትበዋል፤ ቅዳሜና እሑድ በትምህርት ቤቶችና በሰፈር አደባባዮች፣ በሥራ ቀናት ቤት ለቤት። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1917 ማሪያ ዲኪን የተባለች ሴት በኋይትቻፕል ድሃ ሰፈር ምድር ቤት ውስጥ የከፈተችው ነፃ ክሊኒክም የጀመረው በድሃ ነጋዴዎች አህዮችና ውሾች ነው። ያ ክሊኒክ ዛሬ በመላው ብሪታንያ ሐኪም ቤቶች ያሉት ድርጅት ሆኗል። በጦርነት ዘመን፣ ዳቦ በጠፋበት ሰዓት እንደተጀመረ ማስታወስ ‘ቅንጦት ነው’ ለሚለው ክርክር ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

ወላይታ ላይ ይህ እንዴት ይሠራል? እኔ ዕድሩ ላይ እተማመናለሁ። ዕድር የማን ቤት ስንት ሰው እንዳለው ያውቃል፤ መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የማይመጣውን ይቀጣል። ከዓመታዊው መዋጮ ላይ ለእያንዳንዱ አባወራ በጣም ጥቂት ብር ቢጨምር፣ ውሻ ያለውም የሌለውም እኩል ቢያዋጣ፣ የክትባቱ መግዣ ይሸፈናል። ውሻ የሌለው ለምን ይከፍላል? ልጁ በሌላ ሰው ውሻ ሊነከስ ስለሚችል ነው። ባለ ውሻውም ነፃ አልወጣም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት እንስሳው አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን ከመምህራኖቻቸው ጋር ያሰማራ። ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን ውሻ በእጁ ይይዛል፤ ከመመረቁ በፊት መቶ ውሻ የወጋ ሐኪም እና አንድም ያልወጋ ሐኪም አንድ አይደሉም። የማኅበረሰብ አገልግሎትም የዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሦስቱ ዋና ሥራዎች አንዱ ነው። በዚያው ቀን የአህያውን ቁስልና ሰኮና ማየት፣ ድመትም ለያዘ መክተብ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

ቀኑም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ነው፤ ጊፋታ ደግሞ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራል። በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ሰው አገሩ ይገባል፣ ቤተሰብ ሁሉ በቀዬው ነው፣ በሬ በየሰፈሩ ይታረዳል። እርዱ ራሱ ሌላ አደጋ አለው፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና በዝርዝር ልግለጸው። በሳንባና በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲገኝ ‘ይኼ ለውሻ’ ተብሎ ይጣላል። በሶዶ ቄራ የተደረጉ ጥናቶች ይህን እባጭ በታረዱ ከብቶች ላይ በተደጋጋሚ አግኝተውታል። በእባጩ ውስጥ ያለው የትል ዘር ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፤ ከሣሩ ወደ ከብቱ፣ ከውሻው ፀጉር ወደ ልጁ እጅና አፍ ይሄዳል፤ ሰው ላይ ሲደርስ ያው እባጭ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ቀስ ብሎ ያድግና ለቀዶ ሕክምና ያበቃዋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ እባጭ ያለበትን ሥጋ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት መስጠት። ክትባቱና የትሉ መድኃኒት በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረፋ ሊሰጡ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ የውጭ ዕርዳታ መጠበቅን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የዞኑና የከተማው የእንስሳት ጤና ባለሥልጣናት ክትባቱን በጅምላ ገዝተው በዋጋው ለዕድሮች እንዲያቀርቡ፣ የሰው ጤና ቢሮውም ከጎናቸው እንዲቆም ነው። ከሁሉ በላይ የሚተርፈው የእሱ በጀት ነውና የመጀመሪያውን ገንዘብ ማውጣት ያለበት የጤና ቢሮው እንደሆነ አምናለሁ።

የሶዶ፣ የቦዲቲ፣ የአረካ፣ የጉኑኖና የሌሎቹም ከተሞች የዕድር ዳኞች ሆይ፣ ይህን ጉዳይ ከነሐሴ በፊት በሚኖራችሁ ስብሰባ አጀንዳ አድርጉት። በየሰፈራችሁ ስንት ውሻና ስንት አህያ እንዳለ በአባላት መዝገቡ ላይ አስቆጥሩና ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሂዱ። እስከዚያው ግን በዚህ ሳምንት ልጁ በውሻ የተነከሰበት አንባቢ ካለ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ ወደ ሌላ ቦታ ሳይሄድም በዚያው ቀን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ያድርስ።